ሚኒሞ አልረጋ፣ ቤንዚን አልበረክት ላላቸው ሞተረኞች

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት የትንንሽ ሞተር ሳይክሎችን ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ወደ ሞተሩ የሚልከውን ክፍል) የሚመለከቱ ስለሆኑ የዚህን እትም የጥያቄና መልስ አምድ ሙሉውን ለእነሱ ሰጥተናል። መልሶቹ ከ100 እስከ 200 ሲሲ ለሆኑ፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተሮች ናቸው። ኢንጀክሽን (በካርቡሬተር ፈንታ ቤንዚን መርጫ) የተገጠመላቸውን አይመለከቱም።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ ጤና ይስጥልኝ። ሲጂ 125 የሚባለው ዓይነት የቻይና ሞተር አለኝ። ጠዋት በቾክ (አየር አሳንሶ ቤንዚን በሚያበዛው ማስነሻ) ወዲያው ይነሳል፤ ከሞቀ በኋላ ግን ቆም ባልኩ ቁጥር ይጠፋል። ጋራዥ ስወስደው አንዷን ቪቴ ትንሽ ያዞሯታል፣ ለሁለት ሦስት ቀን ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ነው። በትክክል የሚስተካከለው እንዴት ነው? ራሴ ልሠራው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ጠፍጣፋ ካቻቪቴ፣ የካንዴላ (የብልጭታ መስጫው) ቁልፍ፣ ጥቂት ትንንሽ ቁልፎችና የባልቦላ (የሞተሩ አየር ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በር) ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ይበቁዎታል። ነገር ግን ቪቴዋን ከመንካትዎ በፊት ጥፋቱ የካርቡሬተሩ መሆኑን ያረጋግጡ። ቀዝቅዞ ሳለ ደህና ሠርቶ ሲሞቅ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ የሚጠፋ ሞተር ብዙ ጊዜ ሕመሙ የጠበቀ ባልቦላ ነው። ባልቦላ ሲሞቅ ይረዝማል። ክፍተት ካልተተወለት ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፣ ሞተሩም በዝቅተኛ ዙር ራሱን ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ይህን በቪቴ ማከም አይቻልም። መካኒኩ ሚኒሞውን ከፍ ሲያደርገው ለጊዜው የተሻለ ይመስላል፣ ባልቦላው ግን መቃጠሉን ይቀጥላል።

ስለዚህ ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት የባልቦላውን ክዳን ይክፈቱ። የማኛቶው (በሞተሩ ጎን የሚሽከረከረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ) «ቲ» ምልክት ከማመሳከሪያው መስመር ጋር እስኪገጥም ያዙሩ። በዚህ ጊዜ ሁለቱም የባልቦላ መምቻዎች በእጅ ሲነኩ ትንሽ ላላ ማለት አለባቸው፤ አንዱ ከተወጠረ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ። ለሲጂ 125 ዓይነት የተለመደው ክፍተት ለማስገቢያውም ለማስወጫውም 0.08 ሚ.ሜ ነው፤ ቅጠሉ ትንሽ ያዝ እያደረገ መንሸራተት አለበት። የሌላ ሞዴል ባለቤት የሆኑ አንባቢዎች የሞተራቸውን መጽሐፍ ልክ ይከተሉ።

ካንዴላውን አውጥተው በናስ ብሩሽ ያጽዱት፣ ክፍተቱንም ከ0.6 እስከ 0.7 ሚ.ሜ ያድርጉት። የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፣ በደንብ ይድረቅ፣ የሞተር ዘይት በስሱ ተቀብቶ ከተጨመቀ በኋላ ይመለስ። ወረቀት ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ በአየር ይነፋል እንጂ አይታጠብም። የነዳጅ እጀታው ከ2 እስከ 6 ሚ.ሜ ያህል ባዶ መዞር ሊኖረው ይገባል። ሞተሩ ተነስቶ ሳለ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩት፤ ዙሩ ከጨመረ ሽቦው ተወጥሯል ማለት ነው፣ እሱን ሳያላሉ ሚኒሞ ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው።

በጣም የሚዘነጋው ደግሞ የአየር ስርቆት ነው። በካርቡሬተሩና በሞተሩ ራስ መካከል ጥቁር ባኬላይት ማገናኛ አለ፤ በላዩ ክብ የጎማ ማኅተም ተቀምጦበታል። ማኅተሙ ሲያረጅ ጠፍጥፎ ከጎድጓዳው ጋር እኩል ይሆናል፣ በጣት ሲዳሰስም ከፍ ብሎ አይገኝም። ያኔ በዚያ በኩል ያልተለካ አየር ይገባል። ለመፈተን ሞተሩን ሚኒሞ ላይ ትተው በትንሽ መርጫ ውሃ መጋጠሚያው ላይ ይርጩ። ድምፁ ከተለወጠ ስርቆቱን አገኙት። ለዚህ ፈተና ቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ሞተር ላይ ነው የሚረጩት፣ እባክዎ እንዳያደርጉት። ማኅተሙ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ተጣርቶ ይቀየር። ብሎኖቹም ከመጠን በላይ አይጥበቁ፤ ባኬላይቱ ይጣመምና ስርቆቱ ይብሳል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ቪቴዎቹ ይምጡ። ካርቡሬተሩ ላይ ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ጎን ላይ ያለችው፣ በሞላ የተያዘችው የሚኒሞ ቪቴ ናት፤ ነዳጅ ሲሰጡ ወደ ላይ የሚወጣውን ተንሸራታች ከታች ትደግፈዋለች፣ ወደ ውስጥ ስትገባ ዙር ይጨምራል። ሁለተኛዋ ትንሿ የድብልቅ ቪቴ ናት። የዚህችን ጠባይ ለማወቅ የተቀመጠችበትን ቦታ ይመልከቱ። ከተንሸራታቹ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ወደ ውስጥ ሲያጠብቋት አየር ይቀንሳል፣ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። በሞተሩ በኩል ከሆነች ግን የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ሲያጠብቋት ድብልቁ ይሳሳል፣ ማለትም ቤንዚን ያንሰዋል። ሁለቱን አለመለየት ብዙ ሰው አሳስቷል፤ ቤንዚን እቀንሳለሁ ብሎ የሚጨምር ሞተረኛ ጥቂት አይደለም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩን 10 ደቂቃ ያህል ነድተው በደንብ ያሙቁት፤ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ ሚኒሞ ሲሞቅ ይበላሻል። ያጥፉትና የድብልቅ ቪቴዋን በቀስታ እስክትነካ ድረስ ወደ ውስጥ ያስገቧት። እስክትነካ ብቻ! ጫፏ እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፤ በኃይል ከተጠበቀች ጫፏ ወይም የምትቀመጥበት የአሉሚኒየም ቀዳዳ ይበላሻል፣ ከዚያ በኋላ ያ ካርቡሬተር በትክክል አይስተካከልም። ከነካች በኋላ 1 ተኩል ወይም 2 ዙር ያውጧት። ሞተሩን አስነስተው በሚኒሞ ቪቴዋ ዙሩን ከተለመደው ጥቂት ከፍ ያድርጉ። አሁን የድብልቅ ቪቴዋን ሩብ ዙር ብቻ ያዙሩና ወደ 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቁ፤ ሞተሩ ለውጡን ለማሳየት ጊዜ ይፈልጋል። ዙሩ ከጨመረ በዚያው አቅጣጫ ሌላ ሩብ ዙር ይቀጥሉ፤ ከቀነሰ ወይም መንገዳገድ ከጀመረ ይመለሱ። ዙሩ ከፍ ብሎ ድምፁ የተስተካከለበት ቦታ ትክክለኛው ነው። ያኔ ሚኒሞውን በደቂቃ ወደ 1,400 ዙር ግድም ያውርዱት። ዙር ቆጣሪ ከሌለዎት መብራቱ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሞተሩ ሳያመነታ የሚቆምበትን ዝቅተኛ ቦታ ይያዙ። ከዚያ የድብልቅ ቪቴዋን እንደገና ይፈትሹ፤ ሚኒሞው ሲወርድ ልኳ ጥቂት ስለሚቀየር ሁለት ሦስት ጊዜ መመላለስ ያስፈልጋል።

መጨረሻ ላይ ነዳጅ ድንገት ሰጥተው ይልቀቁት። ዙሩ ከፍ ብሎ ቶሎ ካልወረደ ድብልቁ ሳስቷል። ከሚኒሞው በታች ወርዶ ሊጠፋ ብሎ ከተመለሰ ቤንዚን በዝቶበታል። እንደገና ሩብ ዙር፣ እንደገና ፈተና።

ትክክለኛው ቦታ ከ1 ዙር በታች ወይም ከ3 ዙር በላይ ላይ ከተገኘ ቪቴዋ አቅሟን ጨርሳለች። ያኔ ጥፋቱ የሚኒሞ ጄት (በሚኒሞ ላይ ቤንዚን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያለው ትንሽ የናስ ቁራጭ) ነው፤ ወይ ተደፍኗል ወይ ቁጥሩ ልክ አይደለም። በሁለት ሦስት ቀን ይመለሳል ላሉት ደግሞ ቪቴዋን ሙሉ በሙሉ አውጥተው ይዩት። ሞላ፣ እንደ ዓይነቱም ትንሽ ዝርግ ቀለበትና የጎማ ማኅተም ይኖራታል። ሞላዋ ከጠፋች ቪቴዋ በንዝረት ራሷን ታዞራለች፤ የዛሬው ልክ ነገ አይገኝም።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ድሬዳዋ ስሠራበት የነበረውን ሞተር ይዤ ወደዚህ ተዛውሬያለሁ። እዚያ ምንም አልነበረውም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ማርሚታው ጥቁር ጥላሸት ይተፋል፣ ዳገት ላይ ያፍናል፣ ቤንዚንም አይበረክትም። ፒስተን ቀለበት ቀይር ተብያለሁ። ልቀይር?

መልስ፦ አይቀይሩ፤ ገና ነው። የቀለበት ማለቅ የሚያስወጣው ዘይት የሚሸት ሰማያዊ ጭስ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛት ምልክት ነው፣ የእርስዎ ጉዳይም ከፍታ ነው።

ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 ገደማ። አየር ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ይሳሳል፤ ቤንዚን ግን አይሳሳም። ጄቱ ያው ቀዳዳ፣ ቤንዚኑም ያው ቤንዚን ሆኖ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው የአየር ክብደት ብቻ ነው የቀነሰው። በሁለቱ ከተሞች መካከል የአየሩ እፍጋት ልዩነት 15 በመቶ አካባቢ ይሆናል። የካርቡሬተር አሠራር ግማሹን ያህል ራሱ ስለሚያካክሰው ድብልቁ ላይ የሚታየው ብልጫ 8 በመቶ ግድም ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ካንዴላ ለማጥቆርና ዳገት ላይ ለማፈን ግን ይበቃል።

የሚቀየረው ዋናው ጄት ነው። የታችኛው የቤንዚን መያዣ ሳህን ሲፈታ መሐል ላይ የሚታየው፣ ቁጥር የተቀረጸበት የናስ ቁራጭ ማለት ነው። ኬሂን በሚባለው የካርቡሬተር ዓይነት ጄቶች ቁጥሩ የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ 105 ማለት 1.05 ሚ.ሜ። የቀዳዳውን ስፋት 4 በመቶ ቢቀንሱ የሚያልፈው ቤንዚን 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 105 ከነበረ 102 ይሞክሩ፣ ካልበቃ 100። ከዚያ በታች በአንድ ጊዜ አይውረዱ። ልብ ይበሉ፣ ሚኩኒ የሚባለው የሌላው ካርቡሬተር ዓይነት ጄት የሚቆጠረው በቀዳዳ ስፋት ሳይሆን በሚያሳልፈው መጠን ነው፤ ስለዚህ የሚኩኒ 100 እና የኬሂን 100 አንድ አይደሉም። ሱቅ ሲሄዱ አሮጌውን ጄት ይዘው ይሂዱ፣ የጥርሱም ውፍረት ይለያያል።

ከዋናው ጄት ሌላ ተንሸራታቹ ውስጥ ያለው መርፌ ላይ ጎድጓዶች አሉ፣ ብዙውን ጊዜ 5 ናቸው፤ ትንሽ ክሊፕ አንዱ ላይ ትቀመጣለች። ክሊፗን አንድ ጎድጓዳ ወደ ላይ ማውጣት መርፌውን ዝቅ ያደርገዋል፣ በመካከለኛ ነዳጅ ላይ ድብልቁ ይሳሳል። ክሊፗን ወደ ታች ማድረግ ተቃራኒው ነው። ሚኒሞውንም ቀደም ብለን በገለጽነው መንገድ እንደገና ያስተካክሉ።

ይህን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ጥላሸቱና ማፈኑ ይጠፋል፣ ቤንዚኑም ይበረክታል። ጉልበቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ አየሩ ራሱ ስላነሰ ማንኛውም ጄት ያንን አይመልስም። ዳገት ላይ አንድ ማርሽ ቀድሞ መቀነስ ነው።

የነበረውን ጄት ግን አይጣሉት። ወደ ቆላ ሲመለሱ ይመልሱት። ለደጋ የተስተካከለ ሞተር ይዞ ወደ አፋር ቆላ፣ ለምሳሌ 400 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሰመራ መውረድ ከተቃራኒው ጉዞ ይልቅ አደገኛ ነው። ድብልቁ ይሳሳል፣ በሙቀቱ ላይ ሞተሩ ይግላል፣ ረጅም መንገድ ነዳጅ ሙሉ ተሰጥቶት ሲሄድ ፒስተኑ ሊነክስ ይችላል። ቤንዚን የበዛበት ሞተር ኪስ ይጎዳል፣ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግን ራሱን ይጎዳል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ሞተሬን ሳቆም ከካርቡሬተሩ በታች ካለችው ቀጭን ቱቦ ቤንዚን ይንጠባጠባል። ሌሊት መክፈቻውን ካልዘጋሁ ጠዋት መሬቱ ረጥቦ አገኘዋለሁ። የማድረው ከሞተሩ ጋር በአንድ ግቢ ስለሆነ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ መፍራትዎ ትክክል ነው። እስኪስተካከል ድረስ መክፈቻውን ሁልጊዜ ይዝጉ፤ ሞተሩንም ከከሰል ምድጃና ከማንኛውም እሳት ያርቁ። ከማስነሳትዎ በፊት ደግሞ የሞተር ዘይቱን ማየት አለብዎት። መለኪያውን አውጥተው ያሽትቱ። ዘይቱ ከልኩ በላይ ከሆነና ቤንዚን ከሸተተ፣ የተረፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ አልፎ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። የቀጠነ ዘይት ብረት አይጠብቅም፤ ሳያስነሱ ይቀየር።

ምክንያቱ በአብዛኛው አንድ ነው። ሳህኑ ውስጥ ተንሳፋፊ አለ፤ ቤንዚኑ ሲሞላ ወደ ላይ ይነሳና ጫፏ ጎማ የሆነች ትንሽ መርፌን ወደ መቀመጫዋ ገፍቶ መግቢያውን ይዘጋል። መርፌዋ ሥር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትገባ አትዘጋም። መጀመሪያ ከሳህኑ ግርጌ ያለችውን የማፍሰሻ ቪቴ በእቃ ላይ ከፍተው፣ የቤንዚኑን መክፈቻ ለጥቂት ሰከንድ ለቀው በማጠብ ይሞክሩ። ብዙ ጊዜ ቆሻሻው አብሮ ይወጣል።

ካልቆመ ሳህኑ ይፈታ። የተንሳፋፊውን ዘንግ በቀስታ ገፍተው ሲያወጡ መርፌዋ አብራ ትወጣለች። የጎማ ጫፏን በብርሃን ይመልከቱ፤ ዙሪያዋን ቀለበት መሳይ ጠባሳ ካለ አልቃለች፣ ትቀየር። መቀመጫዋን በጥጥ ጫፍ ይጥረጉ፤ በብረት አይፋቁት። ተንሳፋፊውን ጆሮዎ አጠገብ አድርገው ይነቅንቁት። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫቦጨ ተቀዷል፣ መንሳፈፉ ቀርቷል። መርፌዋን የሚገፋው የተንሳፋፊው ምላስ ቁመት የተነካ እንደሆነ ለማወቅ ማፍሰሻው ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ገጥመው ወደ ላይ አጥፈው ከካርቡሬተሩ ጎን ያቁሙት፤ ማፍሰሻውን ሲከፍቱ በቱቦው የሚታየው የቤንዚን ከፍታ ከሳህኑ መጋጠሚያ መስመር ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ያለ መሆን አለበት። ሞተሩ በመሐል መቆሚያው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ተዘንብሎ ሲለካ ያሳስታል።

መርፌዋ ተቀይራ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከተመለሰ ቆሻሻው ከታንከሩ ነው የሚመጣው። ታንከሩ ይታጠብ፣ በመክፈቻውና በካርቡሬተሩ መካከል ትንሿ የፕላስቲክ ማጣሪያ ትግባ።

ጥያቄ (ከሆሳዕና)፦ ሚኒሞው ጥሩ ነው፣ ሙሉ ነዳጅም ስሰጠው ይሄዳል፤ መሐል ላይ ግን ይንተባተባል። ካርቡሬተሩ ሁለቴ ታጥቧል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥሩ አድርገው ገልጸውታል፤ የነዳጅ መጠኑን መለየትዎ ግማሽ መፍትሔ ነው። ካርቡሬተር በእያንዳንዱ የነዳጅ መጠን የሚሠራው በተለያየ ክፍሉ ነው። ከዜሮ እስከ አንድ ስምንተኛ የሚኒሞ ጄትና የድብልቅ ቪቴ፣ ከዚያ እስከ ሩብ የተንሸራታቹ የተቆረጠ ጠርዝ፣ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ የተንሸራታቹ መርፌ፣ ከዚያ በላይ ዋናው ጄት። መሐል ላይ የሚንተባተብን ሞተር በድብልቅ ቪቴ ማስተካከል አይቻልም።

የነዳጅ እጀታው ላይና ከጎኑ ባለው ማቀፊያ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጥፉ። ዜሮ፣ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛና ሙሉ ብለው በእስክርቢቶ ያስምሩበት። መኪና ባልበዛበት ሜዳ በ3ኛ ማርሽ እየነዱ ችግሩ የት ላይ እንደሚጀምርና የት ላይ እንደሚያቆም ይመልከቱ። እውነትም ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ ከሆነ መርፌው ነው። ክሊፑን አንድ ጎድጓዳ ብቻ ቀይረው በዚያው መንገድ ይሞክሩ። ቾክ በትንሹ ሲሳብ መንተባተቡ ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል፣ ክሊፑ ወደ ታች ይውረድ። ከባሰበት በዝቶበታል፣ ክሊፑ ወደ ላይ ይውጣ።

መርፌውንም መስተዋት ላይ አንከባለው ይመልከቱ፤ ከተጣመመ ወይም አንዱ ጎኑ ከተበላ ቦታ መቀየር አይጠቅመውም። ብዙ ኪሎ ሜትር በሄደ ሞተር መርፌው የሚገባበት የናስ ቱቦ ከክብነት ወደ ሞላላ ይለወጣል፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት። ተንሸራታቹን ሲመልሱ ረጅሙ ጎድጓዳ ካርቡሬተሩ ውስጥ ካለችው ትንሽ ምስማር ጋር ይግጠም፣ የተቆረጠው ጠርዝ ደግሞ ወደ አየር ማጣሪያው ይዙር። ተሳስቶ ከገባ ነዳጁ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ከማስነሳትዎ በፊት እጀታውን ከፍተው ሲለቁት «ጠቅ» ብሎ መመለሱን ያዳምጡ።

ካርቡሬተርዎ ሽቦው በቀጥታ ከላይ የሚገባበት ካልሆነ፣ ማለትም ሽቦው ጎን ላይ ያለ ተሽከርካሪ የሚጎትትና ከላይ ሰፊ ክብ ክዳን ያለው ከሆነ፣ በክዳኑ ሥር ስስ የጎማ ዳያፍራም አለ። በብርሃን ፊት ዘርግተው ይመልከቱት። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቅድ እንኳ ተንሸራታቹን በግማሽ መንገድ ታስቀረዋለች። በቤንዚን ወይም በካርቡሬተር ማጽጃ አይታጠብ፣ ይለጠጣል።

የካንዴላውን ቀለም ለማየት ከፈለጉ ሚኒሞ ላይ ቆይቶ የወጣ ካንዴላ ምንም አይናገርም። ዳገት ላይ በሚጠረጥሩት የነዳጅ መጠን ትንሽ ነድተው፣ ፍሪሲዮን ይዘው በዚያው ቅጽበት ሞተሩን ያጥፉና ዳር ይዘው ያውጡት። ቡናማ ወይም ፈዛዛ ግራጫ ደህና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ቤንዚን መብዛቱን፣ ነጭና ጫፉ የነፈረ የሚመስለው ማነሱን፣ እርጥብና ቅባታም ጥቁር ደግሞ ዘይት ማቃጠሉን ያሳያል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ሞተሬ ለብዙ ወራት ቆሞ ነበር። አሁን በቾክ ብቻ ይነሳል፣ ቾኩን ስመልሰው ይጠፋል።

መልስ፦ የሚኒሞ ጄት ተደፍኗል። ቤንዚን ሲቆይ ተንኖ ቢጫ ሙጫ ይተዋል፣ የሚኒሞ ጄት ቀዳዳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚ.ሜ ስለሆነ የጤፍ ፍሬ እንኳ አያሳልፍም። ሳህኑን ፈተው ጄቱን በልኩ ካቻቪቴ ያውጡ፤ ጠባብ ካቻቪቴ የናሱን መፍቻ ስንጥቅ ይበላዋል። በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፈው በኮምፕረሰር አየር ይንፉት፣ ከዚያ ወደ ፀሐይ አነጣጥረው ክብ ብርሃን መታየቱን ያረጋግጡ። ካልከፈተ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ክር መዘው ይጠቀሙ። የብረት ሽቦና የልብስ መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋሉ። በጄቱ ጎን ያሉት ጥቃቅን የአየር ቀዳዳዎችም መከፈት አለባቸው፤ የካርቡሬተሩ አካል ውስጥ ያሉትን መተላለፊያዎች በየአቅጣጫው ይንፉ፣ ዓይንዎን ይከልሉ። ለወደፊቱ ሞተሩ ከአንድ ወር በላይ የሚቆም ከሆነ መክፈቻውን ዘግተው ሳህኑን ያፍስሱት።

ጥያቄ (ከሻሸመኔ)፦ የባጃጅ ሹፌር ነኝ። ማደያ ሳጣ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን እገዛለሁ። ከዚያ በኋላ ዳገት ላይ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ጭሱም በዝቷል። ካርቡሬተሩ ተስተካክሎ ይድናል?

መልስ፦ አይድንም፤ የጠረጠርነው ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ነው። ነጭ ጋዝ በቀላሉ አይተንም፣ ግፊት ሲበረታበትም ያለጊዜው ይቀጣጠላል። የሚሰሙት ማንኳኳት ያ ነው፣ ፒስተን ይበሳል። ያልተቃጠለው ደግሞ የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል።

ከመግዛትዎ በፊት ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ይጠፋል፤ ቅባት መሳይ ምልክት ከቀረ አይግዙት። ውሃ የተቀላቀለበት እንደሆነ ለማወቅ በግልጽ ጠርሙስ ጥቂት ደቂቃ ያቁሙት፣ ውሃው ሥር ይዘቅጣል። አሁን ታንከሩ ውስጥ ያለውን ያፍስሱ፣ የካርቡሬተሩንም ሳህን ያፍስሱ፣ ዘይቱን ይቀይሩ። ማንኳኳቱ በንጹሕ ቤንዚን ከቀጠለ ያኔ ጄቱና የእሳት ሰዓቱ (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ቅጽበት) ይታያሉ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጉልበት እንዲጨምር ዋናው ጄት በድሪል ይስፋልህ፣ የአየር ማጣሪያውንም አውጣው ተባልኩ። ያዋጣል?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ለዝቅተኛ ቦታ ተብሎ ከፋብሪካ የተገጠመ ጄት እዚህ ጠባብ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው፣ የሚበዛው መስፋቱ ነው። በድሪል የሰፋ ጄት ደግሞ የተቀረጸበት ቁጥር ሐሰት ይሆናል፤ ከእርስዎ በኋላ የሚከፍተው መካኒክ 100 አንብቦ ሳያውቅ የ110 ስፋት ያለው ይገጥማል። ቀዳዳውም ጠርዙ ሻካራ ስለሚሆን ቤንዚኑ እኩል አይረጭም። ጄት መቀየር ካስፈለገ ቁጥሩ የታወቀ አዲስ ይገዛል።

ማጣሪያ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በቀጥታ ከነአቧራው ነው። አቧራው ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ተንሸራታቹም ተቧጭሮ መያያዝ ይጀምራል። ማጣሪያው ሲወጣ ደግሞ የአየር መሳቢያው ግፊት ስለሚቀየር ቀድሞ የተስተካከለው ሁሉ ይበላሻል። ሞተሩ ዕለቱን የፈጠነ ከመሰለዎት ቀድሞውኑ ማጣሪያው ተደፍኖ ነበር ማለት ነው። አዲስ ማጣሪያ ይግዙ፣ ጄቱን በቁጥሩ ይተዉት፣ ባልቦላውን ያስለኩ፣ ጉልበቱን ከዚያ በኋላ ይፈትሹ።